ወራሾቹና ኩሽኔታው

አንድ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ጨብጠው ኖረው፣ እንጦጦ ሥር፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደጉ። ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ከአልጋቸው ግራና ቀኝ አስቀመጡና፣ «ቤቱ የእናታችሁ ነው። መኪናዋ የሁለታችሁ ናት። አትሽጧት፣ አትካፈሏትም፤ አብራችሁ እንጀራ ብሉባት» አሉ። ከዚህ ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም፤ ሌላ ሀብትም አልነበራቸውም።

መኪናዋ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አገሩ ሁሉ ዲኤክስ የሚላት። ይህ የኮሮላ ትውልድ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ አካሉ ቀላልና ያልተደበቀ፣ ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው በገዛ ግቢው ፈትቶ የሚገጥመው መኪና ስለሆነ ነው እስከ ዛሬ መንገዳችን ላይ የቆየው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

አባትየው በሕይወት ሳሉ አንድ ልማድ ነበራቸው። ክረምቱ አልፎ መስቀል ከዋለ በኋላ ባለው ቅዳሜ የፊት ጎማዎቹን ያወርዳሉ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ይፈታሉ፣ ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥበው አዲስ ግራሶ ይሞላሉ። ልጆቹ ቁልፍ ያቀብሏቸው ነበር። ምን እንደሚሠራ አይተዋል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ጠይቀው አያውቁም።

ከአርባው በኋላ ወንድማማቾቹ ተስማሙ። ትልቁ ቀን ይነዳል፣ ታናሹ ሌሊት። መኪናዋን አልተካፈሉም፤ ሰዓቷን ግን ተካፈሉ። አንዱ ቁልፉን ለሌላው የሚያስረክበው በር ላይ ቆሞ ነው፤ «ቤንዚን አለ?» «አለ።» ከዚህ የበለጠ ነገር አይነጋገሩም።

መስከረም መጣ፣ መስቀል ዋለ። ትልቁ፣ «ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሞዞውን እሱ ይክፈተው» አለ። ታናሹም፣ «ሌሊቱን ሠርቼ ቀን ካልተኛሁ እሞታለሁ፤ እሱ ታላቄ አይደለም እንዴ?» አለ። የሚቀጥለው መስከረምም እንዲሁ አለፈ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰሙት እናትየዋ ናቸው። ማታ ማታ በር ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቁ ነበርና መኪናዋ ገና ከታች ስትመጣ ያውቋታል። አንድ ቀን ለትልቁ፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና እያጉረመረመች ነው የምትመጣው» አሉት። «የጎማ ድምፅ ነው እማዬ» አላቸው። ለታናሹ ነገሩት፤ «ኮብልስቶኑ ነው» አለ። እሳቸውም ዝም አሉ።

ድምፁ ግን ዝም አላለም። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ይጀምራል፤ 60 ላይ ሲደርስ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት አለበት። ትልቁ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ታናሹ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን አቀያየረ። ያው ነው። ይህ በራሱ ትልቅ ወሬ ነበር፤ ጎማ ሲቀያየር ድምፁ ቦታውን ካልለቀቀ ጥፋቱ ከጎማው አይደለምና። እሱ ግን ይህን ሳያስተውል ተበድሮ ሁለት አዲስ ጎማ ገዛ። ድምፁ በአዲሱ ጎማም ቀጠለ፤ ዕዳው ተጨመረበት።

ከዚያ ወዲያ ጠቡ ተነሣ። ትልቁ፣ «ሌሊት በጎርፍ ውስጥ እየነዳህ ገደልካት» አለ። ታናሹ፣ «አንተ ነህ ቀን ጆንያ በጆንያ ላይ እየጫንክ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳትከፍታት የገደልካት» አለ። አንዱ ድምፁ ከግራ ነው ሲል ሌላው ከቀኝ ነው ይላል። በመጨረሻ ትልቁ፣ «እንሽጣት፤ ድርሻዬን ስጠኝ» ብሎ ተናገረ። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አደግድገው ሽማግሌ ሊለምኑ ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ የነፍስ አባታቸው፣ ሦስተኛውም ብዙ ዘመን ጋራዥ ሠርተው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያቆሙ አንድ መካኒክ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። ወንድማማቾቹ ቆመው ሁለቱም አቤቱታቸውን አሰሙ፤ እያንዳንዱ ያለው ነገር አሳማኝ ነበር። ዳኛው ወደ ቄሱ፣ ቄሱ ወደ መካኒኩ ተመለከቱ።

ሽማግሌው መካኒክ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ከመፍረዳችን በፊት ተከሳሿን እንስማት» አሉ።

ሁሉም ገቡባት። ትልቁ መሪውን ያዘ፤ በአዲሱ ገበያ አድርገው ወደ ሱሉልታ መውጫ ቀስ ብለው ነዱ። ያ መንገድ ጋራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ስለሆነ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። ሽማግሌው ሬዲዮኑን አጠፉ፣ መስኮቶቹን አዘጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጩኸቱ ጎላ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቀለለ። እንደገና ወደ ግራ፣ እንደገና ጎላ። በመልስ ጉዞ ታናሹ ነዳ፤ እንደዚያው ሆነ።

«የቀኝ ፊት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ግን ከግራ ነው የሚሰማኝ» አለ ትልቁ።

«አንተ የምትቀመጠው ግራ ነዋ። ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል ልጄ፤ በተሰማህ በኩል አትፈልገው። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ በቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። ሸክም ሲወድቅበት የሚጮኸው ነው የታመመው።»

ግቢ ሲደርሱ ሥራው ተጀመረ። ሽማግሌው እጄ አይታዘዘኝም ብለው ጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ የሚሠሩት ልጆቹ ናቸው። የጎማ ብሎኖቹን ጎማው መሬት እንደያዘ አላሉ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ፤ ክሪኩን አስገብተው ቀኙን አነሱ። ታናሹ ብሎኬት ሊያስደግፍ ሲያመጣ ሽማግሌው ከሣጥናቸው ብድግ አሉ። በዚያ ቀን ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። «ብሎኬት ይፈረካከሳል! ክሪክም ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ካቫሌቶ ሳይገባ አንድ እጅ እንኳን ከሥር እንዳይገባ!» ትልቁ ወጥቶ ከሰፈሩ ጋራዥ የብረት ካቫሌቶ ተውሶ መጣ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ብዙ ግቢ ውስጥ መኪና በብሎኬትና በጎማ ቸርኬ ቆሞ፣ ከሥሩ የሰው እግር ወጥቶ አይቻለሁ። ልቤ የማያርፍበት ነገር ነው።

ከዚያ፣ «አንደኛችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ያዙና ነቅንቁ» አሉ። ታናሹ ያዘው። ጎማው ቋ፣ ቋ አለ። «አሁን ወንድምህ ፍሬን ይርገጥ።» ትልቁ ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ። ንቅናቄው ጠፋ። «ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ጥፋቱ ኩሽኔታው ነው። ባይጠፋ ኖሮ ከመሪውና ከእግሩ መጋጠሚያዎች እንፈልግ ነበር። ይህን ፈተና አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም» አሉ ሽማግሌው። ወንድማማቾቹ አንዱ ከመኪናው ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆነው ተያዩ።

ጎማው ወረደ። የፍሬን ካሊፐሩ ሁለት ብሎን ተፈታና በሽቦ ከሱስታው ጋር ታሰረ፤ በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ይጎዳል። የሞዞው ክዳን ዙሪያው በካቻቢቴ እየተነካካ ወጣ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያስረው ባለ ሁለት እግር ሽቦ ተቃንቶ ተነቀለ፤ የዳዶው ባለ ጥርስ ቆብ፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ ከዚያ ትንሹ የውጭ ኩሽኔታ እጅ ላይ ወደቀ። ሞዞው ከነዲስኩ ተስቦ ሲወጣ ከጀርባው ትልቁ የውስጥ ኩሽኔታ ታየ።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። በውጭው በኩል ግራሶው ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ደርቋል፤ የሁለት መስከረም ቸልታ ነው። በውስጠኛው በኩል ግራሶ መያዣው የጎማ ቀለበት ተቀዷል፤ ግራሶው ነጣ ብሎ ውሃ ጠጥቷል፤ ይህ ደግሞ የሌሊቱ ጎርፍ ነው። በነጭ ጋዝ ሲታጠብ ሮለሮቹ ተልጠው፣ የሚንከባለሉበት የብረት ቀለበት ፈንጣጣ የወጣበት መስሎ ተገኘ።

«አላልኩም?» አለ ትልቁ፣ የነጣውን እያሳየ።

«እኔስ አላልኩም?» አለ ታናሹ፣ የደረቀውን እያሳየ።

ሽማግሌው ሁለቱንም አዩ። «ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ሞዞው ግን በእውነታችሁ አይዞርም። ነገ ሶማሌ ተራ ውረዱ፤ አብራችሁ።»

መኪናዋ በካቫሌቶው ላይ አደረች። በዚያ ሌሊት ሁለቱም የማይነዱበት ጊዜ ስለተገኘ ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ትሪ ራት በሉ። እናትየዋ ምንም አልተናገሩም፤ ወጥ ጨመሩ።

ሰኞ ዕለት ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ ሌላ ክርክር ተነሣ። በኩሽኔታው ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዘው ከሱቅ ወደ ሱቅ ሄዱ። አንዱ ነጋዴ ያገለገለ አወጣላቸው፤ አንዱ አዲስ ግን ቁጥሩ በደብዛዛው የታተመ፣ በጣት ሲዞር የሚንኮራኮር ኩሽኔታ አሳያቸው። ትልቁ ወጪ ለመቀነስ፣ «ሮለሮቹን ብቻ እንግዛ፤ ቀለበቱ እዚያው ሞዞው ውስጥ ይቅር» አለ። ታናሹ፣ «የውስጡን ብቻ እንቀይር፤ የውጩ ትንሽ ይሻላል» አለ። ከጠፋው ገንዘብ ላይ ገንዘብ መጨመር እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው ሲለያዩ በሁለት ነገር አስምለዋቸው ነበር፤ ኩሽኔታ ከነቀለበቱ እንጂ ለብቻው አይገዛም፣ ግራሶ መያዣው ቀለበትና የመቆለፊያው ሽቦ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ነው። አዲስ ሮለር በፈንጣጣ ቀለበት ላይ ሲሽከረከር ብዙ ሳይቆይ እሱም ይላጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው፣ አንድ ቆርቆሮ ሙቀት የሚችል የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ ጨምረው፣ ከሁለቱም ኪስ አዋጥተው ገዙ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው መጡ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች መዳፋቸው ላይ አድርገው እያገላበጡ፣ «ይህን የፈለሰፈው ሠረገላ ሠሪ ነው፤ ታውቃላችሁ?» አሏቸው። ነገሩ እውነት ነው። ሄንሪ ቲምከን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ሠረገላ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ክብደቱ ከላይ ብቻ ይጫናል፤ ሲታጠፍ ግን ጎማውን ከጎን የሚገፋ ሌላ ኃይል ይመጣል። ቀጥ ያለ ሮለር የላዩን ሸክም ይችላል፣ የጎኑን አይችልም። ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ኩሽኔታ ሮለሮቹ ሾጣጣ ናቸው፤ ስለዚህ የላዩንም የጎኑንም አንድ ላይ ይሸከማሉ። የዲኤክስ የፊት ሞዞ ውስጥ ያሉት ከዚያ ዘር ናቸው።

«ሾጣጣ ኩሽኔታ ግን አንድ ጉድለት አለበት» አሉ ሽማግሌው። «የጎን ግፊትን የሚችለው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሁለት የሆኑት። እዩአቸው፤ አንዱ በዚህ ይገባል፣ ሌላው በዚያ፤ ፊታቸው ተቃራኒ ነው። ይህኛው ከውጭ የሚመጣውን ይመክታል፣ ያኛው ከውስጥ የሚመጣውን። አንዱ ቢወጣ ሌላው ብቻውን ጎማ አያቆምም።»

ይህን ተናግረው ቡናቸውን ጠጡ። አላብራሩም።

አሮጌዎቹን ቀለበቶች ማውጣት ጊዜ ወሰደ። ሞዞው ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተተወ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ በዚያ በኩል የብረት ዘንግ አስገብቶ አንዴ ከዚህ ጠርዝ፣ አንዴ ከዚያ ጠርዝ እያፈራረቁ በመዶሻ መምታት ነው። አንድ ወገን ብቻ ከተመታ ቀለበቱ ይጋደምና ሞዞውን ይጎዳዋል። ትልቁ ዘንጉን ያዘ፣ ታናሹ መታ። አዲሶቹ ሲገቡ አሮጌው ቀለበት በላያቸው ተደርጎ፣ በእሱ ላይ እየተመታ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ባዶ ነበር። ከዚያ እየወፈረ መጣ፤ በድንገት ደግሞ መዶሻው አለት የመታ ያህል ጠንከር ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «በቃ! ተቀመጠ። ሲገባ ሌላ ነው ድምፁ፣ ሲቀመጥ ሌላ። ጆሯችሁን አሠልጥኑ።» ለወራት ድምፅ ላለመስማት ሬዲዮን ከፍ ሲያደርግ የኖረው ልጅ የሁለተኛውን ቀለበት መቀመጥ ከሁሉ ቀድሞ ሰማ። ደስታው ፊቱ ላይ ታየ።

ግራሶ መሙላት በእጅ ነው። በግራ መዳፍ ላይ እፍኝ ግራሶ ይያዛል፤ ኩሽኔታው በሰፊው ጠርዝ በኩል መዳፉን እየጫነ ይገፋበታል፤ ግራሶው በሮለሮቹ መካከል አልፎ በላይ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ። ከዚያ ትንሽ ዞር አድርጎ እንደገና። ዙሪያው እስኪያልቅ። ላዩን መቀባት ምንም አይጠቅምም፤ በአይን ሲታይ የሞላ ይመስላል፣ መሃሉ ግን ደረቅ ነው። ታናሹ መጀመሪያ እንደዚያ ቀብቶ አመጣ። ሽማግሌው ወስደው በጨርቅ ጠረጉትና መለሱለት። ሁለተኛ ሲያመጣው ተቀበሉት።

ውስጠኛው ኩሽኔታና አዲሱ ግራሶ መያዣ ቀለበት ከጀርባው ገቡና ሞዞው ወደ ዘንጉ ተመለሰ። ከዚያ የውጩ ኩሽኔታና ሮንዴላው ገቡ። ዳዶው ቀረ።

ትልቁ ቁልፉን አነሳ። ጎማ ሲነቃነቅ በዓይኑ አይቷልና ፈርቷል፤ በረጅሙ ቁልፍ ትንፋሹን ይዞ አጠበቀ። «አሁን የሚነቀንቀው የለም» አለ። ሽማግሌው፣ «አዙረው» አሉት። ሞዞው እየከበደ፣ እየተንገራገጨ ዞረ። «ይህን ይዘህ ሱሉልታ ብትሄድ ሮለሮቹ ማረፊያ አጥተው ይግላሉ፣ ግራሶው ይቀልጣል፣ ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል። ትናንት ካወጣኸው የባሰ ታወጣለህ። ስለፈራህ አጠበቅከው፤ ሞዞ በፍርሃት አይያዝም።»

ታናሹ ቁልፉን ተቀበለና አላላው፤ ወዲያው በነጻ ዞረ። «ይኸው፣ ቀለል አለ!» ሽማግሌው፣ «ነቅንቀው» አሉት። ቋ አለ። «ይህም በየጉድጓዱ እየተጋጨ ይሰባበራል።»

ወንድማማቾቹ ዝም አሉ።

«እንግዲህ አንድ ላይ ሥሩት» አሉ። «ትልቁ ሞዞውን እያዞርክ ቆይ፣ አታቁም። ታናሹ ዳዶውን በመጠነኛ ኃይል አጥብቅ፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት እየዞሩ ሲጠብቁ ነው። ያዙ? አሁን ሙሉ በሙሉ አላላው። አሁን ቁልፉን አስቀምጥና በጣትህ ብቻ አጥብቅ፤ እስኪነካ። በቃ። አዙረው፤ ነቅንቀው።» ሞዞው ያለ ድምፅ ዞረ። ሲነቀነቅ ለእጅ የሚሰማ ነገር የለም።

የመቆለፊያው ሽቦ ሊገባ ሲል ቀዳዳው ከዳዶው ቆብ ጥርስ ጋር አልገጠመም። ትልቁ ከልማዱ ትንሽ ሊያጠብቀው እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ቀዳዳ ለማግኘት መጀመሪያ ቆቡን አዟዙረህ ሞክር። ካልሆነ ወደ መላላቱ እንጂ ወደ ማጥበቁ አትሂድ። በሁለቱ መካከል የምትቀረዋ ክፍተት ለዓይን አትታይም፤ ያለ እሷ ግን ሁለቱም ይቃጠላሉ።»

ቆቡ ሲዞር ቀዳዳው ገጠመ። አዲሱ ሽቦ ገባ፣ እግሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ተጣጠፉ። ክዳኑ፣ ካሊፐሩ፣ ጎማው ተመለሱ። የጎማው ብሎኖች በዙሪያ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተፈራረቁ ጠበቁ፤ መኪናዋ መሬት ስትነካ ደግሞ እንደገና። ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ትልቁ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ፍሬን ረገጠ፤ ካሊፐሩ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ወደ ኋላ ስለሚሄድ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላልና። ይህን ሳያደርጉ ከቁልቁለት ግቢ መውጣት ሰው ያስገድላል።

ወደዚያው የሱሉልታ መንገድ ወጡ። ወደ ግራ ታጠፉ፣ ወደ ቀኝ ታጠፉ። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ቆመው በየተራ የሞዞውን መሃል በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ለብ ብሏል እንጂ አላቃጠለም።

ማታ ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ተሰበሰቡ፤ ፍርዱ ገና አልተሰጠም ነበርና። የዕድሩ ዳኛ፣ «እንግዲህ መኪናዋ ትሸጥ፣ አትሸጥ?» ብለው ጠየቁ። ትልቁ አንገቱን ደፋ። ታናሹ፣ «ጋሼ እንዳሉ ይሁን» አለ።

ሽማግሌው መካኒክ እንዲህ ፈረዱ። «የተጣላችሁት በመኪናዋ አይደለም፤ ሰዓቷን ስትካፈሉ አንድ የጋራ ሰዓት ሳታስቀሩ ቀራችሁ። ከዛሬ ጀምሮ እሑድ መኪናዋ አትሠራም። እሑድ ሁለታችሁም ግቢ ትገኛላችሁ። ደብተር ግዙ፤ የሄደችበትን ኪሎ ሜትር፣ የተደረገላትን፣ የሰማችሁትን ድምፅ ሁለታችሁም ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ የግራውን ሞዞ ትከፍታላችሁ፤ ያው ጎርፍና ያው ቸልታ አግኝቶታል፤ ጮኾ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ዕዳውን እኩል ክፈሉ።»

ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ወንድማማቾቹ የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተሳሳሙ። ቅዳሜ የግራው ሞዞ ተከፈተ። ሮለሮቹ ገና ደህና ነበሩ፤ ታጥበው፣ አዲስ ግራሶ ተሞልተው፣ በአዲስ ግራሶ መያዣ ቀለበት ተመለሱ። ሽማግሌው በዚያ ቀን አልመጡም፤ አላስፈለጉም።

አሁን ለአንባቢዬ አንድ ቃል አለኝ። በጣት የሚጠብቀው ዳዶ የዚህ ዓይነት አሮጌ መኪና ሕግ ነው፤ በቅርብ ዘመን መኪኖች ላይ ኩሽኔታው ታሽጎ የሚመጣ፣ በማሽን ተጨፍልቆ የሚገባና ዳዶው በልክ በብርቱ የሚጠብቅ ስለሆነ እነዚያን ለሚያውቅ ጋራዥ ስጡ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ግን፣ በተለይም ከወንድም ወይም ከእህት ጋር የምትነዱት ከሆነ፣ በዚህ እሑድ ሬዲዮኑን አጥፉና አብራችሁ አንድ ዙር ንዱ። ካቫሌቶ ተዋሱ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፣ አንዳችሁ ፍሬን ርገጡ። የሚንቋቋ ነገር ከሰማችሁ ማን እንዳበላሸው ከመጠየቃችሁ በፊት ሞዞውን ክፈቱት።